የሽመል ታንኳና የቆመ ውሃ

ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ነገር ሲወድ እንደ እናት ነው፤ የልጇ ንፍጥ አይታያትም። ጋሽ አንለይም ከዚህ አላመለጡም። የአሶሳን ከተማ ሰንጥቆ በሚወርደው በኾር ደሌብ ወንዝ ላይ የተገደበውን ውሃ ሳያዩ አንድ ቀን ቁርስ ቀምሰው አያውቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለም፣ «እኔን ሊያጭ ሲመላለስ እንኳ እንዲህ አይማልድም ነበር!» እያሉ በጎረቤት ፊት ይቀልዱባቸዋል።

ለመውደዳቸው ግን ምክንያት ነበራቸው። ጋሽ አንለይ የተወለዱት ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው። በዚያ አገር፣ እሳቸው እንደሚያወሩት ከሆነ፣ ልጅ መቅዘፊያ የሚጨብጠው ማንኪያ ከመጨበጡ በፊት ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መንግሥት በሰፈራ ወደ አሶሳ ሲያመጣቸው ይዘውት የመጡት ሀብት የለበሱት ጋቢና የታንኳ ሙያቸው ብቻ ነበር። እዚህ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ባያገኙ ሽመል የሚሉት ቀርከሃ ሞልቶ አገኙ። ሽመሉን በልጥ እየጠፈሩ ታንኳ አበጁ፤ ጉድ ሊያይ የተሰበሰበውንም ጎረምሳ መቅዘፍና መዋኘት አስተማሩ። በኋላ ወንዙ በእሳቸው መሪነት ከድልድዩ በታች በድንጋይና በአሸዋ ጆንያ ተገድቦ ሰፊ ኩሬ ሆነ፤ የታንኳ እሽቅድምድምም ተጀመረ። ደርግ ወድቆ አሶሳ የአዲሱ ክልል መዲና ስትሆን ጨዋታው የከተማው ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ነበር። ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ደግሞ በክልሉ በዓል ላይ በእንግዶች ፊት እንዲታይ ስለ ተወሰነ የጋሽ አንለይ ደስታ ልክ አልነበረውም።

ታዲያ አንድ የኅዳር ጠዋት እንደ ልማዳቸው ወደ ግድቡ ሲወርዱ አንዲት ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ ከኩሬው በጠርሙስ ውሃ ስትቀዳ አገኙ። ቀረብ ሲሉ የወዳጃቸው የኻሚስ ልጅ ኢንዓም ናት። ኻሚስ ሽመል እየቆረጠ የሚሸጥ የበርታ ተወላጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋን ታንኳ የሠሩበትን ሽመል በነጻ የሰጣቸው እሱ ነው። ልጁ ጅማ ሄዳ የጤና ትምህርት ተምራ ከተመለሰች ገና ብዙም አልቆየች፤ በጤና ጣቢያው ውስጥ የውሃንና የአካባቢን ንጽሕና የምትከታተለው እሷ ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሽ አንለይ?» አለች ቀና ብላ።

«እግዜር ይመስገን። እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት? ምነው በማለዳ ጠርሙስ ይዘሽ? አባትሽ ቤት ውሃ ጠፋ?»

«ለመጠጥ አይደለም ጋሼ። ላስመረምረው ነው።»

«ውሃም ይመረመራል? ታመመ እንዴ?» አሉና ከልባቸው ሳቁ።

«አዎን፣ ታሟል» አለች ኢንዓም፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ዳር ዳሩን የያዘውን አረንጓዴ ልጋግ ይዩት። እዚያ ጥግ ሆዳቸውን ገልብጠው የተንሳፈፉትን ዓሣዎች ይዩ። ሽታውስ አይሰማዎትም?»

ጋሽ አንለይ በአፍንጫቸው ሳቡ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልሸተታቸውም። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ሽታውን ይለምደዋል፤ የለመዱት ነገር ደግሞ ከጠላት ይልቅ ያታልላል።

«ውሃ ውሃ ነው የሚሸት» አሉ። «ይልቅ ነገርሽን ንገሪኝ። ዳር ዳር አትበይ።»

«እሺ ጋሼ፣ እንደ አባቴ ስለማከብርዎ ለማንም ሳልነግር ለእርስዎ ልንገርዎ። ሰሞኑን ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው በሽተኛ አብዛኛው ቀዛፊና ዋናተኛ ነው። አንዱን ያስቀምጠዋል፣ አንዱን ቆዳውን ይበላዋል፣ የአንዱ ጆሮ መግል ይዟል። ወንድሜ ጁምዓም ይኸው ተኝቷል።»

«የጁምዓስ የሰው ዓይን ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። ጁምዓ ከቀዛፊዎቻቸው ሁሉ አንደኛው ነው፤ እንደ ልጅም ይወዱታል። «በቀደም ሁሉንም ጥሎ ሲሄድ ስንት ዓይን እንዳረፈበት እኔ ነኝ ያየሁ። ጠበል ወይ ደግሞ በእናንተ ወግ ዱዓ ይደረግለት።»

«ዱዓውም ተደርጓል። ግን ዓይን ከሆነ መቅዘፍ የማይችሉትን፣ ዳር ዳር የሚንቦጫረቁትን ሕፃናት ለምን አመማቸው? እነሱን ማን ይመቀኛቸዋል?»

የተረታ ሽማግሌ ወደ አገሩ ይሸሻል፤ ጋሽ አንለይም ሸሹ።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው። የሐይቅ ውሃ ከፍጥረት ጀምሮ ቆሞ ነው ያለ። ወዴትም አይሄድም። አንድ ቀን ሸቶ አያውቅም! አባቶቻችን ጠጥተውት፣ ታጥበውበት፣ ቀዝፈውበት ነው የኖሩት። የቆመ ውሃ የሚያሳምም ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ ቆሜ ካንቺ ጋር ባልተከራከርሁ።»

«ሐይቁ ትልቅ ነው ጋሼ። አንድ እንስራ ቆሻሻ ቢደፋበት አያውቀውም። ይህ ኩሬ ግን ትንሽ ነው፤ ከላዩ ደግሞ ከተማ ተቀምጦበታል። ኾር ደሌብ ሳይገደብ የሰው ጥራጊ ሁሉ ሲጣልበት ጠራርጎ ይዞ ይሄድ ነበር። አሁን ግድቡ ያዘው። ውሃው ብቻ አይደለም የተገደበው፣ ቆሻሻውም አብሮ ተገድቧል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይ?»

«ግድቡ ይከፈት። ኩሬው ይጠረግ። ወደ ወንዙ የሚጣለው ነገር ይቁም። ከዚያ እንደገና ይሞላል። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ውሃው ለሰው ይስማማል ወይስ አይስማማም ብለው ሹማምንቱ ጠይቀውኛል። እንዲህ እንዳለ ከሆነ አይስማማም እላለሁ፤ ጨዋታውም ይቀራል።»

ይህን ሲሰሙ የጋሽ አንለይ ፊት ተለዋወጠ። በልባቸው ያለውን አውጥተው የማይናገሩት አንድ ፍርሃት ነበራቸው። ክልሉ አዲስ ነው፤ በየቢሮው የሚነገረው ስለ ነባር ብሔረሰብና ስለ መጤ ነው። እሳቸውን «የዚህ አገር ሰው ነኝ» የሚያሰኛቸው ርስት የላቸውም፣ ሹመት የላቸውም። ያላቸው ይህ የታንኳ ጨዋታ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ እሳቸውም የቀሩ መሰላቸው።

«ገባኝ» አሉ። «ገባኝ ልጄ። መጤ ያመጣው ጨዋታ ስለ ሆነ ነው። ክልሉ የእናንተ ሆነ፣ ውሃውም የእናንተ ሆነ። ይሁን!»

ኢንዓም ደነገጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጋሼ! እኔን በዚህ ውሃ መዋኘት ያስተማረኝ ማን ነው? ጨዋታው እንዲቀር ብፈልግ ለእርስዎ መንገር ለምን አስፈለገኝ? ዝም ብዬ "አይስማማም" ብዬ መቀመጥ አልችልም ነበር?»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ሄዱ።

እዚህ ላይ ጋሽ አንለይን ለመውቀስ የሚቸኩል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሥ። ከአገሩ ተነቅሎ በሰው አገር የተተከለ ሰው አዲስ ነገር በተነገረው ቁጥር እንደገና የሚነቅሉት ይመስለዋል። ስህተታቸው ከክፋት አልመጣም። ነገር ግን ስህተት ከደግ ሰው ልብ ቢወጣም ስህተት ነው፤ የታመመውንም ልጅ አያድነውም።

ከግድቡ በቀጥታ ወደ ኻሚስ ቤት ነበር የሄዱት፤ ልጁን ሊከሱ። ገብተው ግን ጁምዓን ባዩት ጊዜ ክሱ ከአፋቸው ጠፋ። ያ እንደ ነብር የሚወረወር ጎረምሳ አልጋ ላይ ተጋድሞ በትኩሳት ይቃዣል፤ ጆሮው በጥጥ ተደፍኗል። አባቱ ኻሚስ አጠገቡ ተቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ይዳብሳል።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ አንለይ፣ ና ተቀመጥ» አለ ኻሚስ በሚችለው አማርኛ። «ልጅ ሌሊት ሁሉ አልተኛም። ሆድ መጥፎ፣ ጆሮ መጥፎ። ኢንዓም "ውሃ ነው" አለ።»

«አንተስ ምን ትላለህ ኻሚስ? ልጅህ እኮ ግድቡ ይከፈት፣ ጨዋታው ይቅር እያለች ነው!»

ኻሚስ ጨርቁን እንደገና ነክሮ ጨመቀው። «እኔ አልተማረም። ኢንዓም ተምሮ መጣ። እኔ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ሸኾች ነገረን። በቆመ ውሃ ሽንት ሐራም ነው። ወራጅ ውሃ ሌላ፣ የቆመ ውሃ ሌላ። እኛ ውሃ አቆምን፣ ሕግ ግን አልቀየርንም። ወላሂ ይሄ ጥፋት የሁላችን ነው።»

ጋሽ አንለይ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እሺ፣ ቆሻሻ አለ እንበል። ያ ከሆነ ጥፋቱ የላይኞቹ ነው! እነ ጋራዥ፣ እነ ልኳንዳ! እነሱ በላያችን ላይ እየደፉ እኛ ግድብ የምናፈርስበት ምን በወጣን? ልጅህን ጥራልኝ። ነገ ጠዋት ከምንጩ ጀምሬ አብሬያት እወርዳለሁ። የሚያቆሽሸውን ሰው በዓይኔ አይቼ፣ አንገቱን ይዤ ለሹማምንቱ አሳልፌ እሰጣለሁ!»

ኢንዓም ከኋላቸው ደርሳ በር ላይ ሆና ትሰማ ነበርና ገባች። «መልካም ነው ጋሼ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ከምንጩ እንጀምራለን። የሚያጠፋውን ሁሉ ግን እንይ። አንዱን አይተን አንዱን አንለፍ።»

«ማንም ቢሆን!» አሉ ጋሽ አንለይ ደረታቸውን ነፍተው። ይህን ቃል ሲናገሩ ምን እንደሚጠብቃቸው ቢያውቁ ኖሮ ትንሽ ቀስ ብለው በተናገሩት ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱ ከከተማው ራስጌ፣ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭ ተነሡ። ውሃው እንደ መስተዋት ነበር። ኢንዓም በመዳፏ ዘግና አሳየቻቸው። ጥቂት ወረድ እንዳሉ ከአንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በቦይ ሲወርድ አዩ። ጋሽ አንለይ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ባለ ጋራዡን ተቆጡት፤ ሰውዬውም አፍሮ በርሜል አስቀምጣለሁ አለ። ሌላ ቦታ ከመጸዳጃ ቤት ሥር ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሥጋ ቤቶቹ ጀርባ ፈርስና አጥንት ተቆልሏል። በየቦታው ጋሽ አንለይ ይጮሃሉ፣ ይመክራሉ፣ ያስፈራራሉ። ኢንዓም ግን በእያንዳንዱ ቦታ ውሃው አሁንም እንደሚያልፍ፣ አሁንም እንደሚፈስስ፣ ጉዳቱ ቢኖርም ገና ዓሣ እንዳለበት ታሳያቸው ነበር።

«አየሽ! አልነገርሁሽም? የላይኞቹ ናቸው!» አሉ ከድልድዩ ሲደርሱ፤ ድል ያደረጉ መስሏቸዋል።

«ገና ነን ጋሼ። አንድ አጥር ቀርቶናል።»

አጥሩ የራሳቸው ነበር። ከቤታቸው ጓሮ የምትወርደውን አንዲት ትንሽ ቦይ ተከትለው ሲያዩ፣ ከወንዙ በምትገናኝበት ቦታ ውሃው ነጭ አረፋ ደፍቋል፤ ከአረፋው ሥር ጥቁር አተላ ተጋግሯል። ዝንቡ እንደ ጭስ ይነሣል። ቦይዋ የምትመጣው ከወይዘሮ እታለም የጠላና የአረቄ መጥመቂያ ነው። ጋሽ አንለይ ያቺን ቦይ በገዛ ዶማቸው ነበር የቆፈሯት።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። ጋሽ አንለይ ዱላቸውን ተደገፉ።

«ይቺማ...» አሉ። «ይቺማ አተላ ናት። እህል ናት እኮ! ጌሾና ገብስ ሰውን ይገድላል? እኛ አገር አተላ መድኃኒት ነው፤ ላም ያወፍራል፣ በሬ ያፋፋል።»

«እውነት ነው ጋሼ» አለች ኢንዓም ረጋ ብላ። «በአገርዎ አተላው የት ነበር የሚደፋው?»

«ምን መድፋት አለ! ገና እንስራው ሲገለበጥ ላሞቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲት ጠብታ አትቀርም።»

«እዚህስ ላሞቹ የት አሉ?»

ጋሽ አንለይ ወደ ባዶው በራቸው ዞሩ። ሲሰፍሩ መንግሥት የሰጣቸው ከብቶች አንድ በአንድ በገንዲ በሽታ አልቀዋል። የቆላው ዝንብ የደጋን ከብት አያስቀምጥም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት በር ላይ አተላ የሚጠብቅ ላም ቆሞ አያውቅም። ወይዘሮ እታለም ግን እናታቸው እንደሚያደርጉት መጥመቃቸውን አላቆሙም፤ ጋሽ አንለይም አተላውን የሚበላ አፍ እንደጠፋ ልብ ሳይሉ መንገዱን ወደ ወንዝ ቆፈሩለት።

«ልምዱን ከአገር ይዛችሁት መጣችሁ፣ ላሙ ግን ሞተ» አለች ኢንዓም። «ልምዱ መጥፎ አልነበረም፤ ግማሹ ስለ ጎደለ ነው መጥፎ የሆነው። አተላው ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይጨርስበታል። ከላይ ከመጸዳጃው ለሚመጣው ጀርም ደግሞ ቀለብ ይሆንለታል። ቀለብና ማረፊያ ካገኘ ይራባል። ማረፊያውን የሰጠነው በግድቡ ነው።»

በዚህ መሐል ወይዘሮ እታለም ድምፅ ሰምተው ከጓሮ ብቅ አሉ። ነገሩ ሲነገራቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተነሡ።

«እና እኔ የሰው ልጅ ገዳይ ሆንሁ? ደግሞ አተላውን የት ላድርገው? አናቴ ላይ ልድፋው? በዚህ ቤት ውስጥ የሚጠመቀውን ጠጥቶ ያልዘፈነ የከተማ ሰው አለ?»

«አይቆጡ እናቴ» አለች ኢንዓም። «ጠመቃውን ይተዉ አላልሁም። እንጀራዎ ነው። ላም ገንዲ ቢይዛት የቆላው ፍየል እንደ ደጋ ከብት ቶሎ አይወድቅም፤ አተላም ይበላል። የተረፈው ጉድጓድ ውስጥ ከቅጠልና ከአመድ ጋር ቢቀበር ለማንጎ ማዳበሪያ ነው። አንዲት ጉድጓድ ብቻ ናት የምታስፈልገው፤ ከወንዙ ራቅ ብላ።»

«ፍየል?» አሉ እታለም። ቁጣቸው ሳይበርድ ዓይናቸው ግን ማሰላሰል ጀመረ። «ፍየል እንኳ... እኔ ልጅ ሆኜ የምጠብቀው ፍየል ነበር።»

ጋሽ አንለይ ግን አይሰሙም ነበር። ጎንበስ ብለው ያቺን ጥቁር አተላ በዱላቸው ጫፍ ያገላብጣሉ። ድንገት ድምፃቸው ተሰማ፤ ሲያለቅሱ ነው።

«ጁምዓን እኔ ነኝ ያስተኛሁት። ልጄ ያልሁትን ልጅ በገዛ ቤቴ አተላ! ደግሞ ካንቺ ጋር ስከራከር ዘር ቆጠርሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ኢንዓም እጃቸውን ይዛ ሳመች። «ይቅር ለእግዜር ጋሼ። ይልቅ በዓሉ ቅርብ ነው። እንሥራ።»

የሚቀጥለው ሥራ ግን ቀላል አልነበረም። ጋሽ አንለይ ግድቡን ሊከፍቱ ነው የተባለ ዕለት የሰፋሪው ጎረምሳ ሁሉ ዳሩ ላይ ተሰበሰበ። «የዝናቡ ጊዜ አልፏል፤ ከተከፈተ አይሞላም!» አለ አንዱ። «ጨዋታችንን ሊያጠፉብን ነው!» አለ ሌላው። «ጋሽ አንለይ፣ እርስዎን ምን ነካዎት? የገዛ ቤትዎን በገዛ እጅዎ ያፈርሳሉ?»

ጋሽ አንለይ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር። ዞረው አዩአቸው። «ልጆቼ፣ እኔ ይህን ግድብ ከናንተ በላይ እወደዋለሁ። ከናንተ መሐል ስለሱ ያለቀሰ ካለ ይውጣና ይከራከረኝ። የማያሳምም ውሃ ነው የምትሉ ከሆነ ደግሞ ኑና በእፍኛችሁ ጠጡልኝ።» ማንም አልተንቀሳቀሰም። «አትጠጡትም። እኔም አልጠጣውም። ታዲያ ለራሳችን የምንጸየፈውን ውሃ ለእንግዳ እናሳያለን? በዚህ ውሃ ጁምዓ ወድቋል። ነገ የማን ልጅ እንደሚወድቅ ማን ያውቃል? ባይሞላ አይሙላ። ጨዋታ ይሙት እንጂ ሰው አይሙት!»

ይህን ብለው የመጀመሪያውን ጆንያ ከግድቡ ላይ በእጃቸው ጎትተው ጣሉት። ሁለተኛውን ኻሚስ ጎተተው። ከዚያ በኋላ ማን እንደጎተተ አልታወቀም፤ ሁሉም ገብቶ ነበር። ጥቁሩ ውሃ እየተግተለተለ ወረደ። ሽታው ሲነሣ ልማድ አፍንጫቸውን የደፈነባቸው ሁሉ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ጋሽ አንለይ ራሳቸው በነጠላ አፍንጫቸውን ያዙ።

የኩሬው ጭቃ በአካፋና በቅርጫት ተዛቀ። የበርታ ወጣቶች ሽመል እየተሸከሙ መጡ፤ ከአጎራባቿ ከባምባሲ ከተማ የመጡ ኦሮሞ አናጢዎች መልሶ በተሠራው ግድብ መሐል የሚነሣና የሚወርድ የሽመል መዝጊያ ሠሩለት። መዝጊያው ለጨዋታ ጊዜ ብቻ ይወርዳል፤ በሌላ ጊዜ ወንዙ ይፈስሳል። ሰው መኪናና ልብስ የሚያጥብበትም ቦታ ከግድቡ በታች ሆነ። ሥጋ ቤቶቹና ባለ መጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ባለ ጋራዡም በርሜሉን አስቀመጠ። ወይዘሮ እታለምም ቦይዋን በገዛ እጃቸው ደፍነው፣ ከኻሚስ ዘመድ ፍየል ገዝተው፣ ፍየሎቹን በየጎረቤቱ እያሳዩ «ይኸው የአረቄዬ ትርፍ!» ሲሉ ሰነበቱ።

መዝጊያው ሲወርድ ጭንቀቱ ተጀመረ። ውሃው ቀስ ብሎ ነበር የሚሞላው። ጋሽ አንለይ ዳሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ምግብ እንኳ የሚያቀርቡላቸው እዚያው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ቁርጭምጭሚት አልደረሰም። «አይሞላም» የሚለው ሰው እየበዛ ሄደ። ኢንዓም ከራስጌ ጀምራ ወንዙን ስትመለከት በየመንገዱ የተጣለው ቅርንጫፍና ቆሻሻ ውሃውን ሲያግድ አየች። ቀዛፊዎቹን አሰባስባ ከምንጩ እስከ ግድቡ መንገዱን አስጠረገች። ተአምር አልነበረም፤ መንገድ ያገኘ ውሃ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ኩሬው እየሞላ፣ እየጠራ ሄደ። የበዓሉ ዋዜማ ላይ የታንኳው ሆድ ከሥሩ ካለው አሸዋ ጋር አብሮ ይታይ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ኾር ደሌብ ዳር መርፌ የሚጥሉበት ቦታ አልነበረም። ጁምዓ ድኖ መቅዘፊያውን ጨብጧል፤ ፊቱ ቢከሳም ክንዱ ያው ነው። በታንኳዋ ላይ ከፊቱ የወሎ ልጅ፣ ከኋላው የባምባሲ ልጅ ተንበርክከዋል። ምልክቱ ሲሰጥ ታንኳዎቹ ተፈናጠሩ። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ያስተጋባል፣ ወይዘሮ እታለም ነጠላቸውን አውልቀው ያውለበልባሉ። እስከ አጋማሹ ድረስ የጁምዓ ታንኳ ሦስተኛ ነበር። ጋሽ አንለይ «ዝቅ በል! ከወገብህ ቅዘፍ!» ብለው የጮኹት ድምፅ ከከበሮው በላይ ተሰማ። ጁምዓም ሰማ። ዝቅ አለ። ታንኳዋ የውሃውን ፊት እየሰነጠቀች ሁለተኛዋን አለፈች፤ መጨረሻው ላይ የመጀመሪያዋንም ጥላ ገባች። ጎረምሶቹ ሁሉ ከነልብሳቸው ዘለው ወደ ጥሩው ውሃ ገቡ።

ጥቅሙን ልናገር ካልሁ ከዚያ በዓል በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው በተቅማጥና በቆዳ እከክ የሚመጣው ሰው በእጅጉ ቀነሰ። ዓሣው ተመለሰ። የሰፈሩ ሴቶች ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ርቀው መሄድ ተዉ። የአተላው ጉድጓድ ያጠገበው ማንጎ አፈራ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ወንዙን ከቤቱ ጀርባ ወደ ፊት ለፊቱ አመጣው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ደግሞ ማንም አያቆሽሽም። ሥልጣኔ ማለት አዲስ ነገር ማምጣት ብቻ አይደለም፤ የቆየው ልማዳችን በአዲሱ አገር ላይ ምን እንደጎደለው መጠየቅም ሥልጣኔ ነው።

ወደ በዓሉ እንመለስ። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ባህል የሚያጠኑ ትልቅ ሰው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ሽማግሌዎቹ መጡ። «በጣም ድንቅ ጨዋታ ነው!» አሉ። «ለመሆኑ ይህ የታንኳ እሽቅድምድም የየትኛው ብሔረሰብ ባህል ነው?»

ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። ጋሽ አንለይ መሬት መሬት አዩ። እውነቱን ቢናገሩ «መጤ» ይባላሉ፤ ቢዋሹ ደግሞ የአባቶቻቸውን ሐይቅ ካዱ።

ኻሚስ ግን ቆመ። «ጌታው፣ ይሄ የአሶሳ ነው» አለ። «ጥበብ አንለይ አመጣ። ሽመል እኛ ሰጠን። መዝጊያ የባምባሲ ሰው ሠራ። ውሃ ደግሞ አላህ ሰጠ፣ እኛ አቆሸሸን፣ ልጆቻችን አጠበ። ብሔረሰብ አትቁጠር። የሁላችን ነው።»

ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። እንግዳውም ፈገግ ብለው ወደ ጋሽ አንለይ ዞሩ። «እርስዎ ነዎት ያመጡት? ከየት ነው አገርዎ?»

ጋሽ አንለይ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ይህን ጥያቄ በዚህ አገር ስንት ጊዜ ተጠይቀዋል፤ ሁልጊዜም «ሐይቅ፣ ወሎ» ነበር መልሳቸው። በዚያ ቀን ግን የወንዙን ዳር፣ ውሃ ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች፣ እየሳቀች የቆመችውን ኢንዓምን ተመለከቱ።

«የተወለድሁት ሐይቅ ዳር ነው» አሉ። «አገሬ ግን ይኸው፣ ኾር ደሌብ። አሁን ይቅርታዎን ጌታዬ፣ ጨዋታው አልቋል፤ መዝጊያውን ማንሣት አለብን። ውሃው ቆሞ ማደር የለበትም።»

ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ ወረዱ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው።